የአባት ቁጥር ከላይ

እትዬ ሊፍት ውስጥ ስትገባ ሰው ይወርዳል። አንዱ የረሳው ወረቀት ድንገት ትዝ ይለዋል፣ ሌላው ደረጃ መውጣት ለጤና እንደሚበጅ ያስታውሳል። ነገሩ ሽታው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በምርምር ተቋሙ ምድር ቤት ነጫጭ አይጦች ስታረባ የኖረች ሴት የፈለገውን ያህል ሳሙና ብትጨርስ ሽታው ከጸጉሯ አይለቅም። የሚገርመው፣ ሽታውን የሚሸሹት ሰዎች ማዕረጋቸውን ያገኙት በነዚያው አይጦች ነው። ፕሮፌሰር በተባለ ማግስት ወደ ምድር ቤት ወርዶ «ምስጋናዬን ተቀበሉ» ያላቸው ግን እስከ ዛሬ አልታየም።

ሁለት መቶ አርባ የፕላስቲክ ሳጥኖች አሉባት። ሰጋቱራ ትለውጣለች፣ የውሃ ጠርሙስ ታጥባለች፣ ምግብ ትመዝናለች። አይጢቱ ስትወልድ በሦስተኛው ቀን ልጆቹን ትቆጥራለች፣ በሃያ አንደኛው ቀን ከእናታቸው ለይታ ሚዛን ላይ ታወጣቸዋለች። እያንዳንዱ ሳጥን ፊት ለፊቱ ላይ ካርድ አለው። በካርዱ ላይ የአባት ቁጥር ከላይ፣ የእናት ቁጥር ከታች ይጻፋል። ይህን ያስተማሯት ሰውዬ ከሞቱ ቆይተዋል፤ እሷ ግን አንድ ቀን አዛንፋ አታውቅም። የራሷ ቤት ካርድ ቢኖረው ኖሮ የላይኛው መስመር ባዶ ይሆን ነበር። ባልየው ልጃቸው ጥርስ ሳታበቅል እቃ ገዝቼ ልምጣ ብሎ ወጥቶ፣ እነሆ ሠላሳ ዓመት አለፈው፤ እቃው ምን ቢሆን ነው እስካሁን ያልተገኘ?

ምድር ቤት ወርዶ አፍንጫውን የማይዝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የተቋሙ የእንስሳት ሐኪም። ሁሉም «ጋሽ መርፌ» ይለዋል፤ መርፌውን እንደ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ ስለሚዞር። ረፋድ ላይ ሻይ በሁለት ብርጭቆ ይዞ ይመጣል፣ የተገለበጠ የምግብ በርሜል ላይ ይቀመጣል፣ ስለ ጉልበቱና ስለ ዓለም ሁኔታ ያወራል። ለአሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ነበር። እትዬ ወዳጅ አለሽ ወይ ብትባል እሱን ነበር የምትጠራው።

ታዲያ በዚህ መሃል ነው ባለ ዱቄቱ የመጣው።

ዶክተር ነው። ይህንን እንዳንረሳ ራሱ በቀን አሥር ጊዜ ያስታውሰናል። እድገታቸው የቀጨጨ ሕፃናትን የሚያሳድግ ዱቄት ፈልስፌያለሁ ብሎ ደረቱን ነፍቶ መጣ። ዱቄቱ ከምን እንደተሠራ ምስጢር ነው፤ ሽታው ግን የከረመ ብስኩት ነው። ሕፃናት ላይ ከመሞከሩ በፊት አይጥ ላይ መሞከር አለበትና፣ ለዚሁ ብሎ አንድ የድንክ አይጦች ዘር ከሩቅ አስመጣ። ድንኮቹ የማደግ ትእዛዝ የሚሰጠው ዘረ መል ከነጭራሹ የላቸውም፤ ጤናቸው ደህና ነው፣ ይወልዳሉ፣ ይከብዳሉ፣ ቁመናቸው ግን ከደህናው አይጥ ግማሽ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ዶክተሩ ድንኩን ከደህናው ጋር አዳቅሉልኝ አለ። ልጆቹ ከአንዱ ወላጅ ደህናውን፣ ከሌላው ጎዶሎውን ይወርሳሉ፤ እሱ ደግሞ ዱቄቱን ለነዚህ ባለ አንድ ጎዶሎዎች እየሰጠ ሲያድጉ ያያል።

አንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ድንኩ አባትየው ነው፣ አንዳንዱ ውስጥ እናትየዋ። ይህ ለዶክተሩ ምኑም አልነበረም። ጥቂት ዙር ከተወለደ በኋላ ምድር ቤት ሲወርድ መጀመሪያ የሠራው ሥራ የእትዬን ካርዶች ሰብስቦ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ መጣል ነበር። በምትኩ በኮምፒዩተር የታተመ ካርድ አመጣ። «ወላጆች» ይላል፤ ከጎኑ ሁለት ቁጥር፣ ትንሹ ቁጥር ቀድሞ፣ ትልቁ ተከትሎ። የትኛው አባት፣ የትኛዋ እናት እንደሆነች ኮምፒዩተሩም አያውቅ፣ ጌታውም አያውቅ።

«ዶክተር፣» አለችው እትዬ፣ ካርዱን ገልብጣም አይታ፣ «አባትየው በምን ይለያል?»

«ምን ይሠራልሻል? ልትድሪያቸው ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ፤ አብረውት የወረዱትም ሳቁ። ሳቁ ደግሞ ከመሐረብ ጀርባ ነው።

«ልጆቹ እኩል አይወጡም እኮ። ድንኩ አባትየው የሆነ እንደሆነ ልጆቹ ሁሉ ድንክ ናቸው። ድንኳ እናትየዋ ስትሆን ግን ልጆቹ ልክ እንደ ደህናው ያድጋሉ። ከስንት ወሊድ አይቼዋለሁ፤ ይምጡና ይዩት።»

«እትዬ፣ አንድ ጎደለ አንድ ጎደለ ነው። ከአባት ጎደለ ከእናት ጎደለ የምትይው የባልቴት ወሬ ነው። ሳይንስ እንደሱ አይልም።»

ድንቄም ሳይንስ! ጋሽ መርፌ በርሜሉ ላይ ተቀምጦ መነጽሩን ይወለውል ነበር። መነጽሩ ያን ቀን ብዙ ቆሻሻ ነበረው መሰለኝ፣ ጌታው ደረጃውን ወጥተው እስኪጨርሱ ቀና አላለም።

እትዬ ካርዱን ቢወስዱባትም እጇን አልወሰዱባትም። በልማዷ የድንክ እናት ልጆችን ከላይኛው መደርደሪያ፣ የድንክ አባት ልጆችን ከታችኛው መደርደር ቀጠለች። ለማንም ብላ አይደለም፤ እንዲያ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስዳትም። ዶክተሩ ሙከራውን የሚጀምርበት ቀን ሲደርስ ዱቄቱን ለየትኞቹ ልስጥ ብሎ ብዙም አልተጨነቀም። ጎንበስ ማለት አይወድም። ስለዚህ ዱቄቱን በሙሉ ለላይኛው መደርደሪያ ሰጠ፤ የታችኞቹ ተራ ምግብ ይብሉ ተባለ።

በሃያ አንደኛው ቀን የላይኞቹ ወፍራምና ደማም ሆነው ሚዛን ላይ ወጡ። የታችኞቹ አውራ ጣት ያህል ናቸው። ዶክተሩ ሊያብድ ደረሰ። ስልክ ተደወለ፣ ፎቶ ተነሣ፣ «ተአምረኛው ዱቄት» የሚል ጽሑፍ ወጣ፣ ከላይ ፎቅ ኬክ ተቆረጠ። እትዬ የምትሠራውን ትታ ደረጃውን ወጣችና በሩ ላይ ቆማ «የላይኞቹ እኮ ያለ ዱቄቱም ያድጉ ነበር» አለች። አንዱ ኬክ በሶፍት ጠቅልሎ ሰጣትና በትህትና ሸኛት።

ሁለተኛው ዙር ላይ ጉድ ፈላ። ገንዘቡን የሚሰጡት ሰዎች፣ የት ያሉ ብልሆች እንደሆኑ አላውቅም፣ ሙከራው ይደገም፣ ዱቄት የሚበላውም በዕጣ ይለይ አሉ። ዕጣ ወጣ፤ የላይኛውና የታችኛው ተደበላለቀ። በሃያ አንደኛው ቀን ዱቄት ከበሉት ግማሹ ትልቅ፣ ግማሹ ድንክ፤ ካልበሉትም ግማሹ ትልቅ፣ ግማሹ ድንክ። ዱቄቱ የት ገባ? የትም አልገባም፤ ድሮም የትም አልነበረም።

ኬክ ተቆርጦለት ፎቶ የተነሣ ሰው ግን ተሳስቻለሁ አይልም። ሌላ ሰው ማጥፋት አለበት፤ አጥፊ ለመሆን ደግሞ እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማረች አይጥ አርቢ የተሻለ ማን ይገኛል? ዶክተሩ ዓይኑን በጨው አጥቦ ክስ ጻፈ። ዱቄት የማይገባቸውን ዱቄት አብልታለች፣ የሚገባቸውን አስርባለች፣ ዱቄቱንም ወደ ቤቷ ሳትወስድ አልቀረችም አለ። ወስዳ ምን ልታደርግበት? ልጇ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ቁመቷም በቂ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ አይጦቹ እንዳትገባ ተከልክላ ኮሪደር ላይ ጠርሙስ አጣቢ ሆነች። ማታ ስትወጣ በር ላይ ቦርሳዋ ይፈተሻል። ሃያ ስድስት ዓመት ሰላም የሚላት ዘበኛ የምሳ ዕቃዋን ከፍቶ ያሸታል፤ እሱም አፍሮ፣ እሷም አፍራ። የሚወጣ የሚገባው ቆም ብሎ ያያል። ጋሽ መርፌም በዚያው በር ነው የሚወጣው፤ ሰዓቱም ያው ሰዓት ነው።

ቀጥሎ ወረቀት መጣላት። «በስህተት ምግብ መደባለቄን አምኜ ይቅርታ እጠይቃለሁ» ይላል። ከፈረመች በማስጠንቀቂያ ታልፋለች፤ ጡረታዋ አሥራ አራት ወር ነው የቀረው፣ ጠርሙስ እያጠበች ትደርስበታለች። ካልፈረመች ጉዳይዋ ኮሚቴ ፊት ይቀርባል፤ ኮሚቴው ጥፋተኛ ካላት ትባረራለች። አንድ ሳምንት ተሰጣት።

«እማዬ፣ ፈርሚና ይብቃ፣» አለቻት ልጇ። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ደክሟት ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። «ማን ያነበዋል? ፋይል ውስጥ ገብቶ አቧራ ነው የሚጠጣው።»

«እኔ አነበዋለሁ።»

«ታዲያ አንቺ እውነቱን ታውቂ የለ!»

«ለዚህ ነዋ የማልፈርመው! ከዚህ በኋላ አይጥ ያስራበች ይሉኛል። እኔ እኮ ላንቺ ሳልሰጥሽ ለነሱ የሰጠሁበት ቀን አለ። በዓል ነው፣ ዝናብ ነው፣ ታመሽብኝ ነው፣ ብዬ ቀርቼ አላውቅም።» ልጅቱ ተነሥታ የእናቷን ትከሻ አቀፈች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጋሽ መርፌ ሻዩን ይዞ ወደ ኮሪደሩ መጣ። በርሜል ስለሌለ ቆሞ ነው የጠጣው።

«ጋሼ፣ ምን ይሻለኛል?»

«ፈርሚና ተገላገይ፣ እትዬ። ከትልቅ ሰው ጋር ምን ያታግልሻል? ሁላችንም ሰላም እናገኛለን።»

«ያልኩት ነገር ግን እውነት አይደለም ወይ? የአባትየውና የእናትየዋ ነገር?»

ጋሽ መርፌ ብርጭቆውን አሽከረከረ። «እንግዲህ፣ ማን ያውቃል፣» አለና ሰዓቱን አይቶ ሄደ።

አልፈረመችም።

ኮሚቴው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተሰበሰበ፤ አምስት ሰው፣ አምስት ውሃ፣ ሰብሳቢዋ የተቋሙ ዋና ኃላፊ። ዶክተሩ ግማሽ ሰዓት ያህል በስዕል አስረዳ። ሰንጠረዥ አሳየ፣ ሌላ ሰንጠረዥ አሳየ፣ «የሰው ስህተት» የሚለውን ቃል እያጣጣመ ደጋገመው። ጋሽ መርፌ በባለሙያነት ተጠርቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። በመጨረሻ ኃላፊዋ «እሺ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለቻት።

እትዬ ንግግር አላዘጋጀችም። «ስምንት ሳጥን ይስጡኝ፣» አለች። «አራቱ ውስጥ ድንክ አባትና ደህና እናት ይግቡ። አራቱ ውስጥ ደህና አባትና ድንክ እናት። ዱቄት የሚባል ነገር አይግባ። በሩ ይቆለፍ፣ ቁልፉ እርስዎ ጋ ይሁን። ምግቡን ዶክተሩ ራሳቸው ይስጡ፤ እኔ በዚያ ኮሪደር እንኳ አላልፍም። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ድንክ ይወልዳሉ፣ ሌሎቹ አራቱ ደህና ይወልዳሉ። ገና ሳይረገዙ ነው የምነግርዎት። ከተሳሳትኩ ሳትነግሩኝ ቦርሳዬን ይዤ እወጣለሁ።»

ዶክተሩ በጥርሱ ሳቀና ተስማማ። ምን ያስፈራዋል? ሳይንስ እንደሱ አይልም።

ስድስት ሳምንት ተኩል ወሰደ፤ እርግዝናው ሃያ ቀን፣ ማጥባቱ ሃያ አንድ። በነዚያ ሳምንታት ጌታው ራሱ ሰጋቱራ ለወጠ፣ ጠርሙስ ሞላ። በመጀመሪያው ሳምንት አንዷ ድንክ ጣቱን ነከሰችው፤ ጣቱን እንደ ጦር ጉዳተኛ በፋሻ ጠቅልሎ ሰነበተ። በሁለተኛው ሳምንት ሊፍት ውስጥ ሲገባ አብሮት የነበረው ሰው ወረደ። እትዬ ይህን ከዘበኛው ስትሰማ ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቧ ሳቀች፤ ሌላውን ጊዜ ግን እህል አልበላ ብሏት ከሰውነቷ ጎደለች። አይጥ ምን እምነት አላት? አንዷ እናት ልጆቿን ብትተው፣ አንዱ ሳጥን በበሽታ ቢመታ፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ አብሮ ሊሄድ ነው።

በሃያ አንደኛው ቀን ኃላፊዋ በሩን በራሷ ቁልፍ ከፈተች፣ ሚዛኑን ራሷ አነበበች። ከአራቱ ድንክ አባቶች ሠላሳ አንድ ልጆች ተወልደው ነበር፤ ሠላሳ አንዱም አውራ ጣት የሚያህሉ። ከአራቱ ድንክ እናቶች ሃያ ስምንት፤ ሃያ ስምንቱም ደህና፣ አንዳንዶቹማ እናታቸውን ሊደርሱባት ትንሽ የቀራቸው። ሁሉም ያው አንድ ጎዶሎ የያዙ ናቸው፤ ልዩነታቸው ጎዶሎው በማን በኩል መምጣቱ ብቻ። ዶክተሩ አይጦቹን ሁለት ጊዜ አስመዘነ። የሚዛኑን ባትሪ አስቀየረ።

ኮሚቴው እንደገና ሲቀመጥ ኃላፊዋ ግራ ተጋብታ ወደ ጥግ ዞረች። «ይሄ ነገር ምንድነው? የሚያብራራልን አለ?»

ያኔ ጋሽ መርፌ ጉሮሮውን ጠረገ። ባለ ዱቄቱ መውደቁ እርግጥ ሆኗልና አሁን መናገር አያስፈራም።

«የታወቀ ነገር ነው፣» አለ፤ አነጋገሩ ደግሞ ያምርበታል። «ጡት አጥቢ እንስሳት ላይ፣ ሰውንም ጨምሮ፣ አብዛኛው ዘረ መል ከእናትም ከአባትም ሲመጣ ሁለቱም ይሠራሉ። ጥቂቶቹ ግን የመጡበትን ያስታውሳሉ። ይሄ የእድገቱ ዘረ መል በእናት በኩል ሲመጣ አፉ ተዘግቶ ነው የሚመጣው፤ ደህና ቢሆንም አይናገርም። የሚሠራው የአባትየው ብቻ ነው። ስለዚህ የአባትየው ከጎደለ የሚናገር የለም፣ ልጁ ይቀጭጫል። የእናትየዋ ቢጎድል ግን ድሮም ዝም ያለ ነው፣ ምንም አይጎዳም። ወንዱ ልጅ ከእናቱ የወረሰውን ዝምተኛ በተራው ለልጁ ሲያወርሰው ደግሞ አፉ ይፈታል፤ ምልክቱ በየትውልዱ ተፍቆ እንደ አዲስ ነው የሚደረገው። ተቃራኒዎቹም አሉ፤ የእናት ብቻ የሚናገሩ።»

«ለምን እንዲህ ሆነ?» አለች ኃላፊዋ።

«ብዙዎቹ የሚሉት፣ የአባት ወገን ልጄ በእንግዴ ልጁ በኩል ከእናቱ ምግብ ይሳብ፣ ይብላ፣ ይደግ ባይ ነው። እናት ግን ሁሉንም ከአንድ ሆድ ነው የምትመግበው፤ ለሌሎቹም፣ ነገ ለምትወልዳቸውም ታስባለች፣ ትቆጥባለች። ጉተታ ነው።»

«ይሄንን ለማወቅማ መጽሐፍ ምን ያደርጋል፣» አለች እትዬ፣ «እኔን ብትጠይቁኝ ኖሮ ስለ ባሌ እነግራችሁ ነበር።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ኃላፊዋ ሳይቀር ዓይኗን ጠረገች። እትዬም ሳቀች፤ ከትከሻዋ ላይ አንድ ነገር ወርዶ ሰውነቷ ቀለላት። ሳቁ ገና ሳያልቅ ወደ ጋሽ መርፌ ዞረች።

«ጋሼ፣ ይሄን መቼ አነበብከው?»

«ኧረ የቆየ ነው፣» አለ እሱ፣ በሳቁ ሞቅታ ውስጥ ሆኖ። «ገና ተማሪ ሳለሁ። ይሄንኑ ዘረ መል እኮ ነው በምሳሌነት የሚያስተምሩት።»

ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የገባው። ብርጭቆውን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠ። የእትዬ ሳቅ ቆመ። ሌሎቹ አልነቁም፤ ወረቀታቸውን እየሰበሰቡ ነበር።

ክሱ ተነሣ፣ የይቅርታ ደብዳቤ ተጻፈላት፣ ካርዱም እንደ ድሮው ሆነ። ዶክተሩ ዱቄቱን ይዞ ሌላ ተቋም ሄደ፤ እንደምሰማው እዚያ ዓሣ ላይ እየሞከረው ነው። ጋሽ መርፌ በማግስቱ ረፋድ ላይ መጣ።

«እትዬ፣ ለሰላም ብዬ ነው። ለጡረታዬ ስምንት ወር ነው የቀረኝ፣ ስሜም ያ የተአምረኛው ዱቄት ጽሑፍ ላይ ነበረበት...»

«ዶክተሩስ አያውቅም ነበር፣» አለችው፣ እጇን ከሳጥኑ ሳታወጣ። «ደንቆሮ ነው፤ ደንቆሮ ምን ይደረጋል? አንተ ግን ቦርሳዬ ሲበረበር በዚያ በር ታልፍ የነበረው እያወቅህ ነው። ፈርሚ ያልከኝም እያወቅህ ነው።»

ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ሙሉ ለክትባት ሲመጣ ሳጥኑን ታወርድለታለች፣ ሲጨርስ ትመልሳለች፤ ከሥራ ውጭ ቃል አልተለዋወጡም።

ጡረታ ሲወጣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሽኝት ተደረገለት። ሁሉም እየተነሣ አመሰገነ፤ ትህትናው ተነገረ፣ ከማንም አለመጣላቱ ተነገረ፣ ያችን የኮሚቴ ቀን እንዴት አብራርቶ እውነቱን እንዳወጣ ተነገረና ተጨበጨበ። ከዚያ ኃላፊዋ ከሁሉ የቀረብሽው አንቺ ነሽ፣ አንድ ነገር በይ ብላ እትዬን ጋበዘቻት።

እትዬ ተነሣች። ቀሚሷን አስተካከለች፣ ጋሽ መርፌን አየችው።

«ጋሽ መርፌ አዋቂ ሰው ነው፣» አለች። «ብዙ ነገር ያውቃል። እኔ ምስክር ነኝ።»

ተቀመጠች። ቤቱ ሞቅ አድርጎ አጨበጨበ፤ አጭርና ጥሩ ንግግር ነው አሉ። ከሁሉም መሃል አንገቱን ደፍቶ የጠረጴዛውን ጨርቅ የሚያይ እሱ ብቻ ነበር።